ከማንዋል ወደ ኦቶማቲክ ለምትሸጋገሩ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፦ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። በዚያውም መንዳት የሚያለማምዱ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ማንዋል ስትነዱ ኖራችሁ አሁን ኦቶማቲክ እጃችሁ የገባ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ መንዳት የለመድኩት በአባቴ ዲኤክስ ነው። ለዓመታት ነድቻታለሁ። ፍሪሲዮኑ፣ ማርሹ፣ ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ይዞ መነሳቱ፣ ሁሉም ከእጅና ከእግሬ ጋር ተዋህዷል። ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ ቪትዙን ለእኔ ተወልኝ። ኦቶማቲክ ናት። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ ማለት ነው።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። "ኦቶማቲክማ ምን አለው! ነዳጅና ፍሬን ብቻ ነው፣ ሕፃን ልጅም ይነዳዋል።" ሜዳ ላይ ይሁን እሺ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ይህን ሁሉ ከፍታ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ወይም እምብዛም በማይበልጥ መንገድ፣ ያውም በኩርባ ላይ ኩርባ ነው የምንወርደው። በማንዋል መልሱ ይታወቃል፤ ሁለተኛ አስገብቶ በማርሽ መያዝ ነው። በኦቶማቲክስ? ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። አንድ ማሠልጠኛ ሄጄ ስጠይቅ "መንጃ ፈቃድ ካለሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" ተባልኩ።

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከጋሼ ጋር አገናኘችኝ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ሶሻል ሚዲያ ላይ መውጣት አይወዱም። ዕድሜያቸውን ተሳቢ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲመላለሱ ኖረዋል። አሁን ጡረታ ወጥተው፣ መንጃ ፈቃድ ያለውን ሰው በራሱ መኪና ያለማምዳሉ። ይህ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ጀማሪ የሚያስተምር ሞልቷል፤ መንዳት የሚችለውን ሰው የለመደውን አስጥሎ አዲስ የሚያስይዝ ግን ብዙ የለም።

የመጀመሪያውን ቀን ቦሩ ሜዳ ሄድን። ቦታው ሰፊ ነው፣ ጠዋት ላይ ደግሞ ጭር ይላል። ጋሼ ሞተር አላስነሱኝም። መጀመሪያ ወንበሩን አስተካከሉልኝ፣ ከዚያ በጣታቸው ከፔዳሎቹ በስተግራ ያለችውን የእግር ማሳረፊያ አሳዩኝ።

"ግራ እግርሽ እዚች ላይ ትተኛ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የላትም። ነዳጁንም ፍሬኑንም በቀኝ ብቻ ነው።"

ምክንያቱንም ነገሩኝ። ማንዋል የለመደ ሰው ድንገት ሲደነግጥ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ፍለጋ ይሄዳል። ኦቶማቲክ ላይ ደግሞ የፍሬኑ ፔዳል ሰፊ ነው። ያ እግር ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ በሙሉ ኃይሉ ፍሬኑ ላይ ካረፈ መኪናዋ ባለችበት ቀጥ ትላለች። ከኋላ ባጃጅ ወይም ሲኖትራክ ካለ የሚሆነውን ለናንተው ልተወው። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ እንዳለ "ልጅ ገባ!"፣ "በግ!"፣ "ባጃጅ!" እያሉ በድንገት ይጮሁብኛል፣ እኔ በቀኝ እግሬ ብቻ ፍሬን እረግጣለሁ። ግራ እግሬ ንቅንቅ ማለት እስኪተው ድረስ ደጋገሙት። ለእኔ ከትምህርቱ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። እግር በምክር አይለምድም፣ በድግግሞሽ ነው የሚለምደው፤ ጋሼ ደግሞ ለመደጋገም አይታክቱም።

ቀጥሎ የማርሹ ፊደሎች መጡ። "ፒ" ማቆሚያ፣ "አር" ወደ ኋላ፣ "ኤን" ነፃ፣ "ዲ" ወደ ፊት መሄጃ። ይህን ማንም ያውቀዋል። ጋሼ የጨመሩልኝ ከዚያ ያለፈውን ነው። ሞተር የሚነሳው "ፒ" ወይም "ኤን" ላይ ብቻ ነው፣ ከ"ፒ" ለማውጣትም ፍሬን መርገጥ የግድ ነው። "ዲ" ላይ ፍሬኑን ስትለቁት ነዳጅ ባትሰጡም መኪናዋ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ሲሄድ፣ በዚችው እርምጃ፣ ቀኝ እግርን ፍሬን ላይ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ከፊት ወደ ኋላ ወይም ከኋላ ወደ ፊት ሲቀየር መኪናዋ ሙሉ በሙሉ መቆም አለባት። ባትሪ ቢሞት እንደ ዲኤክሷ ገፍቶ ማስነሳት አይሠራም።

ዳገት ላይ ስለማቆም የነገሩኝን ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ደሴ ላይ ሜዳ ፈልጎ ማቆም ዘበት ነው። ብዙ ሰው "ፒ" ውስጥ ያስገባና እግሩን ያነሳል። ያኔ የመኪናዋ ክብደት በሙሉ ካምቢዮ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ መቆለፊያ ጥርስ ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ፍሬን እንደተረገጠ "ኤን" ማስገባት፣ የእጅ ፍሬን ጥብቅ አድርጎ መሳብ፣ ከዚያ እግርን ቀስ ብሎ ማላላት። መኪናዋ በእጅ ፍሬኑ መያዟ ሲረጋገጥ፣ እንደገና ፍሬን ረግጦ "ፒ"። ዳገት ላይ ወረፋ ስትጠብቁም መኪናዋን በነዳጅ አትያዙ። ይህ የካምቢዮውን ዘይት ያግለዋል። በፍሬን ነው መያዝ።

ከዚያ ሐረጎ ወረድን።

የኔዋ መኪና ከ"ዲ" በታች "2" እና "ኤል" አላት፣ ካምቢዮው ጎን ደግሞ አራተኛ ማርሽን የምትከለክል ቁልፍ አለች። ሌሎች ቪትዞች ላይ በ"2" እና በ"ኤል" ፈንታ "ኤስ" እና "ቢ" አለ፤ ቁልቁለት ላይ ሥራው ያው ነው። ጋሼ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት አስቀነሱኝና ቁልፏን አስጫኑኝ፣ ቁልቁለቱ ሲበረታ "2" አስገቡኝ። ሞተሩ ጮኸ።

"አብሽሪ ልጄ። ጩኸቱ ያዝኩልሽ ማለቱ ነው። ዝም ሲል ነው መፍራት።"

ከኩርባው በፊት ፍሬን ረገጥ፣ ከዚያ ለቀቅ። እግርን ፍሬን ላይ አስተኝቶ መውረድ የለም። የፍሬኑ ሸራ ከጋለና ዘይቱ ከፈላ፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ቢረገጥም የሚይዝ ነገር አይኖርም። "ኤን" አድርጎ መንሸራተትማ ጨርሶ ክልክል ነው፤ ሞተሩ መያዙን ያቆማል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይቀራል፣ ነዳጅም የሚባለውን ያህል አይቆጥብም። መሀል ላይ ጠርዝ ይዞ የቆመ የጭነት መኪና አልፈን ነበር። የተቃጠለ የሸራ ሽታ በመስኮት ገባ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ እጃቸውን ብቻ ወደዚያ ዘረጉ። ታች ደርሰን ስንቆም ወርደው እጃቸውን ወደ ፊት ጎማው ቸርኬ ጠጋ አደረጉ። እኔንም ጠርተው እጄን እንድጠጋ አደረጉኝ። ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ሐረጎን ያለ ስጋት መውረድ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

መውጣቱም የራሱ ትምህርት አለው። ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የኔዋ ደግሞ 1,000 ሲሲ ናት። ነዳጁን በኃይል ስትረግጡት ካምቢዮው ራሱ ማርሽ ይቀንስና ሞተሩ ድንገት ያጓራል። ያን የማያውቅ ሰው ሊደናገጥ ይችላል። ጋሼ የጭነት መኪና ለመቅደም ከማሰቤ በፊት ያንን ጩኸትና የምታገኘውን ጉልበት ክፍት ቦታ ላይ ለይቼ እንዳውቅ አደረጉኝ። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ስለ መቅደም ማሰቡንም እንድተወው ነገሩኝ።

አሁን ኦቶማቲክ የሚይዘው ሰው እየበዛ ነው። መንግሥት ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናውም ወደኛ እየመጣ ነው፤ እሱም ፍሪሲዮን የለውም። እነዚህን መኪናዎች የሚነዱት ደግሞ እንደኔ በማንዋል ያደጉ ሰዎች ናቸው። "ቀላል ነው" ብሎ ቁልፍ ማቀበል ብቻውን በቂ አይመስለኝም፣ ያውም ሐረጎ ደጃፉ ላለበት ከተማ።

ስለ ጋሼ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ሰዓት አይጎትቱም። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በሥራ መውጫ ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ባጃጅ መሀል ነዳሁላቸውና "በቃሽ፣ ከዚህ በኋላ ገንዘብሽን አላበላሽም" ብለው አሰናበቱኝ። እኔ ልቀጥል ብዬ ለምኜ ነበር።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጠዋት ጠዋት ልጆቼን አስከትዬ ስወጣ እናቴ ከኋላዬ ስትጨነቅ ነበር፤ አሁን ቡናዋን ተረጋግታ ትጠጣለች።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልካለሁ። የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ፣ ፍሬኑም በቅርብ የታየ መሆን አለበት፤ ያልታየ ፍሬን ይዞ ለመጣ ሰው ሐረጎን አያስወርዱም። ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ይገኛሉ፣ ዓርብ ግን በጁምዓ ሰዓት አትደውሉላቸው።