ለበርሜል ሩጫ ፈረስ፦ ባለቦይ የኮቴ ብረት ወይስ ልሙጥ?

በአሜሪካ ሮዲዮ (የከብት እረኞች የግልቢያ ውድድር) የበርሜል ሩጫ ፈረስ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ሦስት በርሜሎችን ጠበብ አድርጎ ይዞራል። ችግሩ የሚፈጠረው እዚያው መታጠፊያው ላይ ነው።

መሬት መያዝ፦ ባለቦዩ ብረት መሬት የሚነካው ፊቱ ዙሪያውን የተቦረቦረ ነው። ቦዩ በሜዳው አፈር ይሞላል፤ አፈርን ደግሞ ከብረት ይልቅ አፈር ይይዘዋል። ልሙጡ ትንሽ ይንሸራተታል።

አደጋ፦ ብዙ ሰው የሚፈራው መንሸራተትን ብቻ ነው። ከልክ ያለፈ መያዝም ይጎዳል፤ ኮቴው ተተክሎ ገላው ሲዞር ጥምዘዛው የሚያርፈው መገጣጠሚያውና ጅማቱ ላይ ነው። ስለዚህ ባለቦይ ለምዶ የማያውቅን ፈረስ በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ፍጥነት አያስሮጡትም።

ወጪ፦ ልሙጡ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ኮቴ ስለሚያድግ ሁለቱም በየ5 ወይም 6 ሳምንቱ ገደማ ተነቅለው፣ ኮቴው ተከርክሞ እንደገና ይመታሉ። ያኔ የባለቦዩን ጠርዝ በጣት መዳበስ ነው፤ ካለቀ ያው ልሙጥ ሆኗል።

ላዩ ልል፣ ሥሩ ጠጣር በሆነ ሜዳ ዘወትር ለሚወዳደር ፈረስ ባለቦዩ ይሻላል። ዙሩን ገና በሶምሶማ ለሚለማመድ ወጣት ፈረስ ልሙጡ ይበቃል። የሚያዳልጥ ጭቃ ሲሆን ግን ቦዩም ስለሚደፈን ብረት ከመቀየር ፍጥነት መቀነስ ነው የሚያዋጣው።