የስፓይክ ልብ፦ አሌክሳንድሪያ አካባቢ እንሽላሊት ለምታሳድጉ

እንሽላሊት ልቡን ይታመማል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። የልጄ እንሽላሊት ስፓይክ (ቢርድድ ድራገን የሚባለው ዓይነት ነው) ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል አልቀምስ ብሎ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ አፉን ከፍቶ መተንፈስ ሲጀምር ግን ሳቁ ጠፋ። መጀመሪያ የወሰድነው ሰፈራችን ያለ የውሻና የድመት ክሊኒክ ነበር፤ ቫይታሚን ሰጥተው ሸኙን።

ቀጥሎ የሄድነው የወፍና የተሳቢ እንስሳት ክሊኒክ ነው። ከቤታችን አርባ ደቂቃ ይርቃል። ወጣቷ ሐኪም ነካ አድርጋው “ቀዝቅዟል” አለችና ሙቅ ሳጥን ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀመጠችው። የልብ ምቱ ከሰውነቱ ሙቀት ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ በብርድ የተለካ ቁጥር አይታመንም አለች። ስቴቶስኮፑን ለእኔም ሰጠችኝ። ሻካራ ቆዳው ኮሽ ኮሽ ከማለቱ በቀር ምንም አልሰማሁም። ቀጥላ እርሳስ የምታክል፣ የደሙን ፍሰት ወደ ድምፅ የምትለውጥ የዶፕለር መሣሪያ ጄል ቀብታ ብብቱ ሥር ስትይዝ “ሽው፣ ሽው” የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ልቡ ለካ እዚያ ላይ፣ በፊት እግሮቹ መሀል ነው! በአልትራሳውንድ ሦስቱን የልብ ክፍሎች አሳየችን፤ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር ቀለበት የተጠራቀመ ውኃ ነው አለች።

መድኃኒቱ ላሲክስ ሆነ፤ የተጠራቀመውን ውኃ በሽንት የሚያስወጣው። ከጎንደር መጥታ እኛ ጋ ያለችው እናቴ ለራሷ የምትውጠው! “እኔና እንሽላሊቱ በአንድ መድኃኒት?” ብላ አማተበች። ሐኪሟ መጠኑ ለእንሽላሊት በደንብ ስላልተጠና ለውሻና ለድመት ከሚሰጠው ተነስታ እንደምትገምት፣ ሲበዛም አድርቆ ኩላሊቱን እንደሚጎዳው ሳትደብቅ ነገረችኝ። ወደድኳት። በርበሬ በምመዝንበት ሚዛን በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ462 ወደ 431 ግራም ወረደ፣ ሆዱም ጎደለ።

ቅሬታዬ ዋጋው ነው። 640 ዶላር መሆኑን የነገሩኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ስልካቸውማ ሙዚቃ ሲያሰማችሁ ይውላል።

ይኸው ሦስተኛ ወሩ። እንደማይድን ነግረውናል፤ ትናንት ግን ጎመኑን ጠርጎ በላ። የምትሄዱ ከሆነ የአልትራሳውንዱን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እንሽላሊቱን የምትወስዱበት ሳጥን ውስጥም ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ እንደኛ ግማሽ ሰዓት እንዳትጠብቁ።