የተልባ ጄል ለከርዳዳ ፀጉር፦ በደሴ ብርድና በኮምቦልቻ ሙቀት ሲፈተን

ደሴ ላይ ሪላክሰር (ከርዳዳ ፀጉርን የሚያለሰልስ ኬሚካል) የተወች ሴት ከፀጉሯ በፊት የሰው ዐይን ይጠብቃታል። «ምነው ልጄ፣ ታመሻል እንዴ? ፀጉርሽን እንኳ ሳትሠሪው ወጣሽ?» ይሏታል አክስቶቿ። ሰርግ ሲቃረብ ነገሩ ይብሳል፤ ሙሽራ ያለ ፔስትራ (በጋለ ብረት ከተተኮሰ ፀጉር) እና ያለ ሂውማን ሄር (ቅጥያ ፀጉር) ቬሎ ትለብሳለች ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ወደ ሪላክሰር የሚመለሱት ፀጉራቸውን ጠልተው ሳይሆን በየቀኑ መልክ አስይዞ የሚያውላቸው ነገር አጥተው ነው። ከተልባ ተቀቅሎ የሚወጣው ዝልግልግ ጄል ይህን ክፍተት በደንብ ይሞላል፤ አሠራሩን ለሚያውቅ ግን ነው።

መጠኑ ሩብ ኩባያ ተልባ ለሁለት ኩባያ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ተልባ ከ20 ጊዜ በላይ ያሠራል፤ ስለዚህ በዋጋ ከታሸገ ጄል ይሻላል። ለመጠጥ የተቆላና የተወቀጠው ግን አይሆንም፤ ዱቄቱ በጨርቅ ያልፍና ፀጉር ላይ ደርቆ ብናኝ ሆኖ ይራገፋል። ጥሬውን፣ ድፍኑን፣ አፈሩ በደንብ የተለቀመለትን ይግዙ።

ብዙ መመሪያዎች 7 ደቂቃ ቀቅሉ ይላሉ። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ መጠበቅ ያሻል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ቀደም ይላል። ከሰዓቱ ይልቅ ማንኪያውን ማየት ይሻላል፦ ሲነሣ እንደ እንቁላል ነጭ እየተሳበ ከወረደ ደርሷል፣ ወዲያው ይውረድ። ከዚያ ካለፈ ይወፍርና አልጠለልም ይላል። በንጹሕ አሮጌ ስቶኪንግ ትኩሱን ነው የሚጠለለው፤ ከቀዘቀዘ ዝልግልጉ ከፍሬው አይለቅም።

መከላከያ ኬሚካል ስለሌለበት ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ውጭ ደግሞ አንድ ቀን ቢቆይ ነው። በዚህ ምክንያት በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ መደርደሪያ ላይ ውሎ የሚያድረውን እንዲገዙ አንመክርም። መቼ እንደተሠራ ይጠይቁ፤ ክፈቱት ብለው ያሽትቱት። ከቀጠነ ወይም ከኮመጠጠ ይተዉት። ቤት ውስጥ ሠርቶ በትናንሽ ዕቃ ፍሪዘር ማስቀመጥ ከሁሉም ይሻላል።

ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው አቀባቡ ላይ ሲሳሳት ነው። ፀጉሩ ታጥቦ ውሃው ገና እየተንጠባጠበ መሆን አለበት። አራት ወይም ስድስት ቦታ ይከፈልና ጄሉ ከሥር እስከ ጫፍ በጣት ይዳረሳል፤ ፀጉሩ ውፍረት ካለው ሰፊ ሚዶ ይጨመራል። ከዚያ እስኪደርቅ አይነካም። ሲደርቅ መጀመሪያ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ተበላሸ ብሎ ማጠብ አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ጠብታ የጉሎ ዘይት መዳፍ ላይ አሽቶ ጨበጥ ለቀቅ ሲያደርጉት ድርቀቱ ይለቅና ጥቅልሉ ይቀራል። በደሴ ክረምት፣ ጉሙ ሲወርድ፣ ወፍራም ፀጉር ሳይደርቅ ሊያድር ይችላል፤ ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋ የፀጉር ማድረቂያ) ሥር በመካከለኛ ሙቀት መቀመጥ ነው መፍትሔው። ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርግ ሴት ፀጉሯ ሳይደርቅ ባትሸፍነው ይመረጣል፤ ታፍኖ ይሸታል። ማታ የሳቲን ሻሽ ይሁን፤ ጥጥ እርጥበቱን ይመጥጠዋል።

ጄሉ የማይሠራውንም እንናገር። ፀጉር አያሳድግም። ሪላክሰር የነካውን ጫፍም አያጠቀልልም፤ ኬሚካሉ የፀጉሩን የውስጥ ትስስር ሰብሮታልና ያ ክፍል ተመልሶ አይከረደድም። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ ስለዚህ አዲሱ ትከሻ እስኪደርስ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት ቦታ በጣም ደካማ ነው፤ በኃይል ሲበጠር የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። በአንዴ መቁረጥ ለማትደፍር በየሁለት ወሩ ከጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ማስነሣት፣ ጫፉንም በቢጎዲን (በፀጉር መጠቅለያ) ማመሳሰል ያስኬዳል። አጥብቆ በተሠራ ሹሩባ መደበቅ ግን የግንባሩን ፀጉር ይነቅላል፤ ይህን ብዙ ጊዜ እናያለን፣ ያሳዝናልም።

ሙሽራዋ በራሷ ፀጉር መዳር ከፈለገች ለቤተሰቡ አስቀድማ ትንገር፤ የሰርጉ ዕለት ጧት ፀጉር ቤት ውስጥ የሚነሣ ክርክር የሚያልቀው በፔስትራ ነው። እናት ለጋ ቅቤ ልቀባት ካሉ ይቀቡ፣ ደስ ይላል፤ ግን ከሁለት ቀን በፊት ይሁን፣ በሻምፑም ሁለት ጊዜ ይታጠብ። ጄል ቅባት ላይ አይዝም፤ ተንከባሎ ነጭ ፍርፋሪ ይሆናል፣ ጥቁር ፀጉር ላይ ደግሞ ፎቶው ሁሉ ያወጣዋል። ለፀጉር ሠሪዋ የሚነገረው አጭር ነው፦ በፎን አይሳብ፣ ብሩሽ አይግባ፣ የራስ መሸፈኛው ቬል የሚያርፍበት ቦታ ብቻ በጠፍጣፋ ሹሩባ ይያዝ፣ የቀረው ይለቀቅ። ጄሉን ከቤት ይዛ ትሂድ፤ ለረጅም ፀጉር አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይበቃል።