አቃባ ባሕር ሥር ያለችው መርከብ ትታያለች፣ ሙዚየሙ ግን ገና ነው

የዮርዳኖስ ወደብ አቃባ ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ፣ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሻይ ልጠጣ ቁጭ ባልኩ ቁጥር የምጠየቀው አንድ ነገር ነው። «መርከብ አስምጠው ዓሣ አመጡ የሚባለው እውነት ነው?» አቦ፣ እውነት ነው! በዓይኔ አይቻለሁ። ዮርዳኖስ ዘመድ ያለው የድሬ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ለጥየቃ የምትሄዱ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። እኔም የሄድኩት እዚያ የምትሠራ እህቴን ልጠይቅ ነው። ከአማን አቃባ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ገደማ ነው።

ከመርከቧ ልጀምር። ስሟ ሴዳር ፕራይድ ነው፣ የጭነት መርከብ ነበረች። በ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው) አቃባ ወደብ ላይ እሳት ተነሳባት፣ ከሠራተኞቿም ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ የሚያነሳት ጠፍቶ እዚያው ተገትራ ቀረች። በ1985 ኅዳር ላይ፣ የባሕር ፍጥረት ይጠለልባት ተብሎ ሆን ብለው አሰመጧት። አሁን ደንገጎ ቁልቁለት ላይ እንደተገለበጠ ከባድ መኪና በጎኗ ተጋድማለች። ርዝመቷ 74 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ላይ የዞረው ጎኗ 10 ሜትር አካባቢ ጥልቀት ላይ ነው፣ የታችኛው ደግሞ ከ25 ሜትር ያልፋል።

ለምን ብረት? ኮራል እንስሳ ነው፣ ግን ካደገ በኋላ ቦታ አይቀይርም። ጫጩቱ በውኃው እየተንሳፈፈ ይመጣና የሚጣበቅበት ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። አሸዋ ላይ መቆም አይችልም፣ ብረት ካገኘ ግን ይይዘዋል። ኮራሉ ሲበዛ ትናንሽ ዓሦች መደበቂያ ያገኛሉ፣ እነሱን ፍለጋ ትልልቆቹ ይመጣሉ። ሰው የሚያስቀምጠው ብረቱን ብቻ ነው፣ የቀረውን ባሕሩ ራሱ ይሠራል።

ጠላቂ አይደለሁም። ላይፍ ጃኬት ለብሼ፣ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጌ ከላይ ነው የተንሳፈፍኩት። ውኃው በጣም ጥርት ያለ ስለሆነ ጎኗ ወለል ብሎ ይታያል። ብረቷን ለማየት መፈለግ አለባችሁ፣ ምክንያቱም ኮራሉ አልብሷታል፣ ብርቱካናማ ትናንሽ ዓሦችም እንደ ደመና ከበዋታል። እንባዬ መጣ፣ ምን ልበላችሁ። ሰው ሞቶባት የተጣለች መርከብ ለዚህ ሁሉ ነፍስ ቤት ሆና ማየት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የሚጠልቁት የሚያዩትን ያህል አታዩም።

ለእንደኛ ዓይነቱ የሚሻለው ታንኩ ነው። በ1999 የሰመጠ ሰንሰለታማ የጦር ተሽከርካሪ ሲሆን ጥልቀቱ 6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ለባሕሩ ዳርም ቅርብ ነው። ዝርዝሩ ሁሉ ይታያል። እህቴ ዋና ብዙም አትችልም፣ ግን አስጎብኚው እጇን ይዞ ቀስ እያለ ወሰዳት፣ አንዴም አላጣደፋትም። ለእሱ ሙሉ ነጥብ።

የውኃ ውስጥ ወታደራዊ ሙዚየም የሚባለው ደግሞ በ2019 የተከፈተ ነው። ታንክ፣ ሄሊኮፕተር፣ ሌላም ሌላም፣ በጠቅላላው 19 ናቸው፣ ከ15 እስከ 28 ሜትር ጥልቀት ላይ ተሰልፈዋል። እኛ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ነው የሄድነው፣ እውነቱን ለመናገር አላረካኝም። ጥልቀቱ ይበዛል፣ ብረቱም ገና ብረት ነው። ሴዳር ፕራይድን ያሳመሯት ዓመታት ናቸው፣ እነዚህ ደግሞ ጊዜያቸው አልደረሰም። የጀልባው ሰውዬም ዓሣ ለመሰብሰብ ዳቦ እየቆራረሰ ይወረውር ነበር፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ዓሣው የለመደውን ትቶ ዳቦ ጠባቂ ይሆናል። ተዉ ብንለው ሳቀብን። እንዲህ የሚያደርግ ጀልባ ካያችሁ አትሳፈሩ።

ሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ዕድሜያቸውን ላጋር ከብረትና ከዘይት ጋር የኖሩ አባት፣ ፎቶውን ሳሳያቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዘይቱንስ የት አደረጉት ልጄ?» ብለው ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት ከመስመጣቸው በፊት አደገኛ ነገራቸው ወጥቶላቸዋል። ያለዚያ ብረት ባሕር ውስጥ መጣል ቆሻሻ መድፋት ነው። ያገሬውን ብረት ሁሉ ወስደን እንድፋ የሚል ሰው ሻይ ቤት ስላጋጠመኝ ነው ይሄን የማነሳው።

ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። ዋጋ ሳትስማሙ ጀልባ ላይ አትውጡ፣ መነጽርና ላይፍ ጃኬት ይጨምር እንደሆነም ጠይቁ። ኮራሉ ላይ አትቁሙ፣ በእጃችሁም አትንኩ። ጊዜ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ድሬ የሆቴል ገንዳ ውስጥ በቱቦ መተንፈስን ተለማመዱ፣ እዚያ ስትደርሱ ፍርሃቱ ይቀላል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ለሴዳር ፕራይድና ለታንኩ ስጡት፣ ሙዚየሙ ለሌላ ዓመት ይቆይ።