ሁለት ጣሳ ሳልመን፦ ቀዩን ያስመጡ

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣላችሁ?" ካለ ሳልመን የሚባለውን አሳ በጣሳ የታሸገውን በሉት። ግን ዓይነቱን ለይታችሁ ንገሩት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሲያትል የምትኖረው እህቴ ሰሞኑን ሐዋሳ ስትመጣ ሁለት ዓይነት ይዛልኝ መጣች። አንዱ ጣሳ ላይ "ሶካይ" ይላል፣ ቀዩ ሳልመን ነው። ሌላው "ፒንክ" ይላል፣ ዋጋው ረከስ ያለው። ሁለቱም ላይ የአላስካ የዱር ሳልመን ተብሎ ተጽፏል። አላስካ ውስጥ ሳልመንን በእርባታ አሳድጎ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ካለ አሳው ባሕር ላይ ራሱ አድኖ እየበላ ያደገ ነው።

እኔ አሞራ ገደል፣ የሐዋሳው አሳ ገበያ፣ አሳ ስበልት ነው ያደግኩት። ፊሌቶ፣ አጥንት የሌለውን ሥጋ፣ ለማውጣት ቢላዋው ከጭንቅላቱ ኋላ ሲገባ፣ አሳው የጠገበ ይሁን የከሳ እጅ ወዲያው ያውቃል። የጠገበው ላይ ቢላዋው ሥጋ ውስጥ ይሄዳል። የከሳው ላይ ገና ሳይገባ አጥንት ይፍቃል። ስለዚህ ጣሳዎቹንም ስከፍት ከመቅመሴ በፊት ያየሁት ሥጋውን ነው።

ሶካዩ ሲከፈት ከላይ ብርቱካናማ ዘይት አቁሯል። ዘይቱ ከውጭ የተጨመረ አይደለም። ጣሳው ላይ የተጻፈው ሳልመንና ጨው ብቻ ነው፣ ዘይቱ የራሱ የአሳው ስብ ነው። ሥጋው ደማቅ ቀይ ነው፣ በሹካ ሲነካ በወፍራም ቅጠል ቅጠል ይላቀቃል። የጀርባው አጥንት እንዳለ አብሮ ታሽጓል፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ኖራ ይፈርሳል። ጣሳው ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ስለበሰለ ነው። አትጣሉት፣ ካልሲየሙ እሱ ውስጥ ነው።

ፒንኩ ሌላ ነው። ከላይ ያቆረው ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም፣ ሥጋው የገረጣ፣ ትንሽ ደረቅ። ፒንክ በተፈጥሮው ከሶካይ ነጣ ያለና ስቡ ያነሰ ስለሆነ ይሄ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የከፋኝ አንዱ ቁራጭ ልል ሆኖ እጄ ላይ መሟሟቱ ነው። እንዲህ ያለ ሥጋ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ "ይሄ አሳ የተያዘው መንገዱ ላይ የት ሲደርስ ነው?" የሚል ነው።

መንገዱ የምለው ወደ መራቢያው የሚያደርገውን ጉዞ ነው። ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ፒንኩ በ2 ዓመቱ ይመለሳል፣ ሶካዩ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ። ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ወራጁን ውሃ እየታገለ ሽቅብ የሚወጣው ባሕር ላይ ባጠራቀመው ስብ ነው። ሆድ ዕቃው ሥራ ስለፈታ ይኮማተራል። ስቡ እያለቀ ሲሄድ የራሱን ጡንቻ ማንደድ ይጀምራል። በዚያችው ስንቅ ሴቷ እንቁላሏን ታሳድጋለች፣ የወንዱ መንጋጋ ይቆለመማል። ወንዱ ፒንክማ ጀርባው ላይ ትልቅ ጉብታ ያወጣል። ከተራቡ በኋላ ሶካዩም ፒንኩም ይሞታሉ። ከአትላንቲክ ሳልመን ግን የሚተርፍ አለ፤ ከስቶ፣ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቆ፣ ወደ ባሕር ይመለሳል።

ቀለሙም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሥጋውን የሚያቀላው ከሚበላቸው ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን እንስሳት የሚያገኘው አስታዛንቲን የሚባል ቀለም ነው። መራቢያው ሲቃረብ ይሄ ቀለም ሥጋውን እየለቀቀ ወደ ቆዳውና ወደ እንቁላሉ ይሄዳል። ሶካይ መራቢያው ጋ ሲደርስ ውጪው ቀልቶ፣ ጭንቅላቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሥጋው የሚገረጣው ለዚህ ነው።

በጣም የገረመኝ ደግሞ የወንዙ ነገር ነው። ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ሳልመን ወንዝ ሲገባ የያዘው ስብ ብዙ ነው። ቺኑክ የሚባሉት የሳልመን ዓይነቶች በዩኮን ወንዝ ከአላስካ እስከ ካናዳ ድረስ ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወንዙ አፍ ላይ ሲደርሱ ስባቸው የታወቀ ነው። ያው አሳ ጉዞው መጨረሻ ላይ ቢያዝ ግን ለመብል ብዙም አይሆንም። በሶካይ የታወቀው የአላስካው ብሪስቶል ቤይ ላይም አጥማጆቹ በሰኔና በሐምሌ የሚጠብቁት ከወንዞቹ አፍ አካባቢ ነው፣ ገና ብርማ ሳለ።

ሚዛን ብቻ አያድንም። ተመራማሪዎች የአሳን አቋም ሲለኩ ክብደቱን ለርዝመቱ ኪዩብ (ርዝመት × ርዝመት × ርዝመት) ያካፍላሉ። ጥሩ መለኪያ ነው። ነገር ግን ሳልመን ስቡን ሲጨርስ ቦታውን ውሃ ይተካዋል፣ እንቁላሉም ይከብዳል። ስለዚህ ክብደቱ ብዙ ያልቀነሰ አሳ ሥጋው ያለቀ ሊሆን ይችላል።

የኛ የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንዲህ ዓይነት ጉዞ የለበትም። እዚሁ ሐይቁ ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይራባል። ግን እሱም መራባት ያከሳዋል። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ እስከዚያ ድረስ ብዙም አትበላም። ከመረብ ሲያላቅቋት ጫጩቶቿ ከአፏ ሲፈሱ አይቻለሁ። ሆዷ ሲከፈት አንጀቷ ባዶ ነው። ከጭንቅላቷ ኋላ ያለው ሥጋ ጣት ሲጫነው ይሰረጉዳል። ከእሷ የሚወጣው ፊሌቶ ለመጥበሻም አይበቃ። እባካችሁ አስጋሪዎች፣ በሕይወት ካለች ወደ ውሃው መልሷት።

በጉዞው ለሳልመን የሚቀርበው የጣናው ነጭ አሳ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎቹ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ወንዙ አፍ ላይ በጅምላ ሲሰበሰቡ መረብ እየጠበቃቸው ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል። ያሳዝነኛል።

ወደ ማዕዱ ስመለስ፣ ሶካዩን ምንም አላበሰልኩትም። ሽንኩርት ከተፍ፣ ሎሚ፣ ከጎን ዳጣ፣ በቆጮ። ስቡ የዳጣውን ማቃጠል ያለዝበዋል፣ ዳጣው ደግሞ ስቡ እንዳይከብድ ያደርጋል። ጎረቤቴ ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን ሐይቁ ላይ የጨረሱ አስጋሪ፣ ቀምሰው "ይሄ አሳ ጠግቦ ነው የሞተው" አሉ። ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። ፒንኩ እንዲሁ ሲበላ አልጣመኝም። ቲማቲምና ቃሪያ ጨምሬ ሾርባ ሳደርገው ግን ጥሩ ሆነ፣ ልጆቹ ደግመው ጠየቁ። ጉላሽ አትሞክሩት፣ ይበታተናል።

ቅር ያለኝ ጣሳው ላይ አሳው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወንዝ አፍ እንደተያዘ አለመጻፉ ነው። የሚያበቃበት ቀን አለ፣ የተያዘበት የለም። ለእንዲህ ዓይነት አሳ ግን ዋናው እሱ ነበር። የፒንኩ ጣሳ ደግሞ መሳቢያ ቀለበት የለውም፣ መክፈቻ አዘጋጁ።

ትኩስ ቆሮሶ ጠዋት ከጀልባ ለሚያገኝ የሐዋሳ ሰው ሳልመን የግድ አይደለም። ለመቅመስ ከሆነ ግን ሶካይ ብላችሁ ለይታችሁ እዘዙ። ፒንኩን ሻንጣው ውስጥ ቦታ ከተረፈ ብቻ።