ጨርቅ ላይ ጨርቅ፦ ጀርባውን ሳያዩ እንዳይወጡ

ጓደኛዬ «የኩዊልት ኤግዚቢሽን አለ፣ እንሂድ» ስትለኝ ዓይኔ ላይ የመጣው ድሪቶ ነው። ኩዊልት ለካ ተደራርቦ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። እንዳላስቀይማት ብዬ ተከተልኳት። ግማሽ ሰዓት ብዬ ገብቼ ሦስት ሰዓት ቆየሁ። ያስወጣኝም እግሬ ነው።

የቀረበው አፕሊኬ ብቻ ነበር። ቅጠል፣ አበባ፣ ወፍ ከጨርቅ ይቆረጥና ሌላ ሰፊ ጨርቅ ላይ ይሰፋል። ከዚያ መሃሉ ጥጥ፣ ሥሩ ገበር ይገባና ሦስቱ አንድ ላይ በስፌት ይያዛሉ። ሲወራ ቀላል ነው። እኔ አንዴ ትራስ ላይ ልብ ልሰፋ ሞክሬ ጫፉ ዱልዱም ሆኖብኝ ትቼዋለሁ። ስለዚህ የትም ስቆም መጀመሪያ የማየው ሹል ሹሉን ነው።

ያፈዘዘኝ በባልቲሞር አልበም ስልት የተሠራው ነው። ስልቱ በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ በአሜሪካዋ ባልቲሞር የገነነ ነበር፤ እያንዳንዱ ካሬ የራሱ ሥዕል አለው። ከካሬዎቹ በአንዱ አንዲት ወፍ በመንቁሯ የወይን ዘለላ ይዛለች። ፍሬዎቹ የትንሿን ጣቴን ጥፍር አያክሉም፤ ግን አንዱም አልተጣመመም። ምስጢሩን አንዲት አስተናባሪ ነገሩኝ፦ ጨርቁን ክብ ካርቶን ላይ በክር ሰብስቦ መተኮስ፣ ከዚያ ካርቶኑን ማውጣት። ቅጠሉ ደግሞ ጠርዙ በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ነው የሚሰፋው። የሚታጠፈው ግማሽ ሳንቲሜትር አይሞላም። ወደ ውስጥ የገባ ጥግ መቀስ ካልነካው አልታጠፍ ይላል፤ ከበዛበት ይተረተራል። ክሩ የቅጠሉ ቀለም ስለሆነ አፍንጫዬን አስጠግቼም ስፌቱን አላገኘሁትም።

መንካት ክልክል ነው። የእጅ ወዝ ጨርቅ ያበላሻል፣ ስለዚህ አልከፋኝም። አስተናባሪዎቹ ግን ነጭ ጓንት አጥልቀዋል። «ጀርባውን ያሳዩኛል?» አልኳቸው። ጥጉን ገለጥ አደረጉልኝ። ገበሩ ነጭ ነው፤ ወፏ ግን እዚያም አለች፣ በክር ብቻ ተስላ። ሦስቱን የያዘው ስፌት የወፏን ዙሪያ ተከትሎ ስለሄደ ነው። ለዚህ ብቻ ብሄድም አይቆጨኝም ነበር።

በኤግዚቢሽኑ ውድድር አንደኛ የወጣው ሥራ አልጣመኝም። እንከን የለውም፣ እሱን አልክድም። ግን የመኪና ስፌቱ ከመብዛቱ የተነሳ ጨርቁ እንደ ካርቶን ደርቋል። ማን ለብሶት ይተኛል? ይልቅ ጥግ ላይ ሥራዋ በፎቶ ብቻ የቀረበው ሀሪየት ፓወርስ ልቤን ወሰደችው። በ1837 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት በባርነት ተወልዳ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ የሰፋች ሴት ናት። ቸግሯት በ1891 የሸጠችው ሥራ 5 ዶላር ብቻ አወጣላት፤ ዛሬ የአሜሪካ ሙዚየሞችን በሚያስተዳድረው በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል። ጠርዟ እንደ ባልቲሞሩ ጥንቅቅ ያለ አይደለም። እንስሶቿ ግን አሁን ብድግ ብለው የሚሮጡ ይመስላሉ።

ቅሬታም አለኝ። መግለጫዎቹ በደቃቅ ፊደል ተጽፈው ጉልበት አካባቢ ተሰቅለዋል፤ ጎንበስ ቀና ስል ወገቤ ተቆረጠ። መብራቱ ቢጫ ስለሆነ ደማቁ ሰማያዊ ሁሉ ጠቁሯል። ቅዳሜ ከሰዓት መሄድ ደግሞ የሰው ጀርባ አይቶ መመለስ ነው፤ በጠዋት ይሂዱ።

መውጫው ላይ መርፌ ይሸጣል። የእጅ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል። ጓደኛዬ 10 ቁጥር ገዛች፣ እኔ ሆዬ ተኩራርቼ 11። እስካሁን ክር አላስገባሁበትም። ቀዳዳውን እየፈለግኩ ነው።