ጥቁሩ ሙጫ ማስረጃ አይደለም፦ «ብርቅዬ» የጊታር አምፕ ልትገዙ ለምታስቡ

ጊታር ለምትጫወቱ ሁሉ፣ በተለይ እዚህ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላላችሁ። ባለፈው ዓመት 6,800 ዶላር ከፍዬ አንድ አምፕ፣ ማለትም የጊታርን ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ ገዛሁ። ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው ከ1,200 ዶላር በላይ እንደማያወጣ ነገረኝ። ሰሞኑን ያው ሻጭ ሌላ ተመሳሳይ አምፕ ይዞ ገዢ እያፈላለገ መሆኑን ስለሰማሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የዳምብልን ስም ሰምታችሁ ይሆናል። አሌክሳንደር ዳምብል ካሊፎርኒያ ውስጥ አምፕ በእጁ የሚሠራ ሰው ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. አረፈ። በሕይወቱ የሠራቸው 300 ያህል ብቻ እንደሆኑ ይነገራል። «ኦቨርድራይቭ ስፔሻል» በሚባለው ሞዴሉ ጊታሪስቶቹ ሮበን ፎርድና ላሪ ካርልተን ተጫውተውበታል፤ ካርሎስ ሳንታናና ጆን ሜየርም ከዳምብል ተጫዋቾች መካከል ናቸው። ሰውዬው የተጫዋቹን አጨዋወት እያዳመጠ ስለሚያስተካክል አንዱ አምፕ ከሌላው ይለያል። ዛሬ አንዱ ከ100,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። ሥራውን እንዳይቀዱበት ደግሞ የሰርኪዩቱን (የውስጥ ኤሌክትሪክ ሥራውን) አንድ ክፍል ኢፖክሲ በሚባል ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ ይሸፍነው ነበር።

እኔን ያሳመነኝ ይኸው ሙጫ ነው። ሻጩ «ይህ በ1983 እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ለሙከራ የተሠራ ነው፣ ስም ስላልተጻፈበት ነው የረከሰው» አለኝ። የጀርባውን ክዳን ከፍቶ በስልኩ መብራት አሳየኝ። እንደ ድንጋይ የደረቀ ጥቁር ነገር የሰርኪዩቱን ሰሌዳ ግማሹን ሸፍኖታል። «አየህ? ፊርማው ይሄ ነው» አለ። አመንኩት።

እውነቱን ለመናገር ድምፁም አሳምኖኛል። ትዝታ ጀመርኩ፤ ሦስተኛዋን ኖታ ሳብ አድርጌ ስይዛት አልጠፋችም፣ ቀስ እያለች ወፍራ ወደ ላይኛው ድምፅ ተሻገረች። ጊታር የሚጫወት ሰው ይህ ስሜት ምን እንደሆነ ያውቃል። ስንት ዓመት የፈለግሁት ድምፅ ነበር። ያኔ ያላስተዋልኩት ግን ሁለት ነገር አለ። የተጫወትኩት በሻጩ ስፒከር ነው፣ የገዛሁት ግን ስፒከር የሌለውን የላዩን የአምፕ ሣጥን ብቻ ነው። ደግሞም ቮልዩሙ በጣም ከፍ ብሎ ነበር፤ ጆሮ ጮክ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ይሰማል። ቤቴ አምጥቼ ከራሴ ስፒከር ጋር ሳገናኘው ድምፁ ቀጥኖ፣ ከሥር እየተንጫጫ ወጣ።

አንድ ሐበሻ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት፤ ለዓመታት ቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ አምፕ) ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ካፓሲተሮቹን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ክፍሎች፣ ባዶ አደረጉ። አምፑ ከሶኬት ተነቅሎም ከ400 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ሰው ይገድላል፤ እባካችሁ ራሳችሁ አትክፈቱት። ከዚያ ትንሽ መስታወት አስገብተው የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎቹን፣ ፖት የምንላቸውን፣ ጀርባ አነበቡ። «137 1418» ይላል። 137 ፖት የሚሠራው የሲቲኤስ ፋብሪካ መለያ ነው፣ ቀጥሎ ያሉት አራት ቁጥሮች ዓመቱና ሳምንቱ ናቸው፤ የ2014 18ኛ ሳምንት ማለት ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን በጥገና ተቀይሮ ነው ይባል ነበር። ስድስቱም አንድ ቁጥር ነበራቸው፣ ብየዳቸውም ተነካክቶ አያውቅም። በ1983 ተሠራ በተባለ ዕቃ ውስጥ!

የሙጫውን ጠርዝ በሞቃት አየር እያለሰለሱ ሲያነሱት ከሥሩ በኪት መልክ (ክፍሎቹ ተለያይተው) እየተሸጠ ማንም ቤቱ የሚገጣጥመው ሰሌዳ ወጣ። «የኔ ልጅ፣ ሙጫው የተቀባው ምስጢር ለመደበቅ ሳይሆን ርካሽነቱን ለመሸፈን ነው» አሉኝ።

ገንዘቡን በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው በሚልከው አገልግሎት፣ ነበር የላክሁት። ባንኩ «ራስህ ፈቅደህ ስለላክህ መመለስ አንችልም» አለ፤ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ለዚህ ያህል ገንዘብ ገዢን የሚጠብቅ የክፍያ መንገድ ተጠቀሙ። ሻጩ «በዜል ወይም በካሽ ብቻ» ካለ ትታችሁ ሂዱ።

ተመሳሳይ ማታለያ ትሬንሬክ በሚባለው ሌላ ብርቅዬ አምፕ ስምም ሊመጣባችሁ ይችላል። ሠሪው የኒው ጀርሲው ኬን ፊሸር፣ በ2006 ያረፈው፣ አምፖቹን በተከታታይ ቁጥር ፈንታ በሴት ስም ይለያቸው ነበር። እንግዲህ በአንድ የእንጨት ሣጥን ላይ የሴት ስም መጻፍ ማንን ያቅተዋል? እውነተኛ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ደብዳቤ፣ ደረሰኝና የቆዩ የውስጥ ፎቶዎች ይኖሩታል። እነዚህ ከሌሉ ለስሙ ብላችሁ አንድ ዶላር አትጨምሩ።

በዳምብል ዘይቤ የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ስም በግልጽ የሚጽፉ ሐቀኛ ሠሪዎች እንዳሉም እወቁ። የእነሱን አምፕ መግዛት ምንም ነውር የለውም፤ ያን የትዝታ ድምፅ ለመድረስም ዳምብል የግድ አይደለም፣ ጥሩ ስፒከርና በደንብ የተስተካከለ አምፕ በቂ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ጊታርና ስፒከር ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤታችሁ በምትጫወቱበት መጠን ሞክሩት። ውስጡን ባለሙያ እንዲያየው ጠይቁ። ሻጩ ከከለከለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አዲስ አበባ ላላችሁና ከአሜሪካ ለምታስመጡም፦ የትራንስፎርመሩን ጽሑፍ ሳታነቡ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። እዚህ የሚሸጡት አብዛኞቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ እዚያ ያለው 220 ነው። ዋቱ ለአምፑ የሚበቃ ቮልቴጅ መቀነሻ ያስፈልጋችኋል፣ ወጪውንም ከዋጋው ጋር ደምሩት።

አምፑ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ሌላ ሰው እንዳይታለልበት በምንም ዋጋ አልሸጠውም። ለመግዛት ያሰባችሁት ዕቃ ካለ የፖቶቹንና የትራንስፎርመሮቹን ፎቶ ላኩልኝ፣ ለሽማግሌው አሳያለሁ። የኔንም ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ ሙጫው የተነሳበትን ሰሌዳ ከፍቼ አሳየዋለሁ።